ባሕር የወሰደው ቀለም እንዴት ተመለሰ

ፈረንሳዊው ጠላቂ ፍሬዴሪክ ዱማ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ከሠላሳ ሜትር በላይ ወርዶ አንድ ትልቅ ዓሣ በጦር ወጋ። ከቁስሉ የወጣው ደም አረንጓዴ ነበር። ዱማና ባልደረባው ዓሣውን ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ ደሙ ቀለሙን እየለወጠ ሄደ፤ አረንጓዴው ቡናማ ሆነ፣ ቡናማው ወደ ሮዝ አደላ፣ ከውኃው ብቅ ሲሉ ደግሞ እንደማንኛውም ደም ቀልቶ ታየ። ይህን የጻፈው ባልደረባው ዣክ ኩስቶ ነው፤ በ1953 በታተመው «ዝምተኛው ዓለም» መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደሙ እታች ሳለም ያው ደም ነው፤ የጎደለው ብርሃኑ ነው። አንድ ነገር ቀይ ሆኖ የሚታየን ካረፈበት ብርሃን ውስጥ ቀዩን መርጦ ስለሚመልስልን ነው። ቀይ ብርሃን ካልደረሰው ምን ይመልሳል? በዚያ ጥልቀት ዱማና ኩስቶ ዘንድ የደረሰው አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ስለነበር ደሙም ያገኘውን ጥቂት አረንጓዴ መለሰ።

ውኃ ለምን ቀዩን እንደሚወስድ የሚያስረዳው ታሪክ ከኩስቶ ይቀድማል። ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻንድራሴካራ ራማን በ1921 ባደረገው የመርከብ ጉዞ የሜዲትራኒያን ሰማያዊነት ቀልቡን ሳበው። በዘመኑ የተለመደው መልስ «ባሕሩ የሰማይን ቀለም ያንጸባርቃል» የሚል ነበር። ራማን ከውኃው ገጽ የሚንጸባረቀውን ብርሃን በፕሪዝም ቢያስቀረውም ሰማያዊው አልጠፋም። ስለዚህ ቀለሙ ከራሱ ከውኃው የሚመጣ ነው። የውኃ ሞለኪውሎች ሰማያዊውን ብርሃን አብልጠው ይበትናሉ። ሌላው የመልሱ ክፍል ደግሞ ኦክስጅንና ሃይድሮጂንን የሚያያይዘው ትስስር ውስጥ ነው፤ ያ ትስስር ያለማቋረጥ ይርገበገባል፣ ሲርገበገብም ከቀዩ ብርሃን ጉልበት ይመጥጣል።

ምን ያህል? ሮቢን ፖፕና ኤድዋርድ ፍራይ በ1997 ንጹሕ ውኃ እያንዳንዱን የብርሃን የሞገድ ርዝመት ምን ያህል እንደሚመጥጥ ለክተው አሳትመዋል። በእነሱ አኃዝ ሲሰላ፣ ብርሃን አሥር ሜትር ንጹሕ ውኃ ካቋረጠ በኋላ 450 ናኖሜትር ላይ ካለው ሰማያዊ 91 በመቶው ይተርፋል። 550 ናኖሜትር ላይ ካለው አረንጓዴ 57 በመቶ ገደማ ይቀራል። 650 ናኖሜትር ላይ ካለው ቀይ የሚተርፈው 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ያውም ውኃው ፍጹም ንጹሕ ሆኖ፣ ደለልና አልጌ ሳይኖርበት ነው።

እዚህ ላይ «አቋረጠ» ያልኩትን ልብ በሉልኝ። ባሕር ውስጥ ያለ ኮራል ሲቀረጽ ብርሃን ከፀሐይ ወደ ኮራሉ ይወርዳል፣ ከኮራሉ ደግሞ ወደ ካሜራው ወደ ጎን ይሄዳል። አሥር ሜትር ጥልቀት ላይ ሆኖ አምስት ሜትር የራቀውን የሚቀርጽ ሰው የሚያየው አሥራ አምስት ሜትር ውኃ ያቋረጠ ብርሃን ነው። ብዙዎቻችን ስለ ውኃ ውስጥ ቀለም ስናወራ የምንቆጥረው ጥልቀቱን ብቻ ነው። የታሪኩ ቁልፍ ግን ያ ሌላው፣ ወደ ጎን የሚደረገው ጉዞ ነው። ይህ እስኪታወቅ ብዙ ዘመን አልፏል።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፍ አንሺዎች መፍትሔ ያደረጉት የራሳቸውን ብርሃን መጠቀምን ነው። በ1926 የዓሣ ተመራማሪው ዊልያም ሎንግሊና የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔቱ ቻርልስ ማርቲን ፍሎሪዳ በሚገኙት ድራይ ቶርቱጋስ ደሴቶች የመጀመሪያዎቹን የቀለም ፎቶዎች ከውኃ በታች አነሡ። የዘመኑ የቀለም ፕሌት እጅግ ብዙ ብርሃን ይጠይቅ ስለነበር ውኃው ላይ ባንሳፈፉት መደብ ላይ የማግኒዚየም ዱቄት እያፈነዱ ነበር የሚያነሡት። ሎንግሊ በዚያ ዱቄት ተቃጥሏል። ፎቶዎቹ በጥር 1927 በዚያው መጽሔት ወጡ። በ1954 የታየው የጣሊያናዊው ፎልኮ ኩዊሊቺ «ስድስተኛው አህጉር» ደግሞ ከውኃ በታች በቀለም ከተሠሩት ቀደምት ረጅም ፊልሞች አንዱ ሲሆን የተቀረጸው በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ነው፤ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በተቆራኘችባቸው የመጀመሪያ ዓመታት መሆኑ ነው። 

መብራት ግን ሩቅ አይሄድም። የፍላሹ ብርሃን ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለው ዓሣ ዘንድ ደርሶ ሲመለስ አራት ሜትር ውኃ ያቋርጣል፤ ከቀዩ የሚተርፈው ሩብ ያህሉ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። አንድ ሙሉ የኮራል ግድግዳ ለማሳየት የሚፈልግ ሰው ፀሐይዋን ከመጠቀም ሌላ ምርጫ የለውም።

ካሜራው ዲጂታል ሲሆን ጉዳዩ ከባሕሩ ወደ ኤዲተሩ ጠረጴዛ ተሻገረ። በአሥራ ሁለት ሜትር ጥልቀት በፀሐይ ብርሃን ብቻ የተቀረጸ የኮራል ቪዲዮ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ላይ ተከፍቷል እንበል። ልምድ ያለው ኤዲተር ከምስሉ አስቀድሞ ፓሬድ የሚባለውን መለኪያ ያያል። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ቻናል እዚያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከጨለማ ወደ ብርሃን፣ ከታች ወደ ላይ ይነበባሉ። ሰማያዊው ከፍ ብሎ ተዘርግቷል። አረንጓዴው ከሱ ዝቅ ይላል። ቀዩ ወለሉ ላይ ተለጥፎ ቀጭን መስመር ሆኗል። ካሜራው በስምንት ቢት የቀረጸ ከሆነ እያንዳንዱ ቻናል 256 ደረጃ አለው፤ ቀዩ ከእነዚህ ውስጥ የተጠቀመው የታችኞቹን አሥር ደረጃዎች ቢሆን፣ የፈለገውን ያህል ወደ ላይ ቢለጠጥ ያው አሥር ደረጃ ነው። የኮራሉ ቆዳ ልሙጥ መሆኑ ቀርቶ እንደ ካርታ በቁርጥራጭ ይከፋፈላል። በአሥር ቢት ቢቀረጽ ኖሮ በዚያው ስፍራ አርባ ያህል ደረጃ በተገኘ።

ኤዲተሩ የዋይት ባላንሱን መምረጫ ወስዶ ከፊት ያለው አሸዋ ላይ ጠቅ ያደርጋል። አሸዋው ነጣ፤ ከአጠገቡ ያለው ኮራልም ብርቱካናማ መሆኑ ታወቀ። ከኋላ ያለው ኮራል ግን እንደ ሰማያዊ ጥላ ቀረ። የኋላውን ሊያድን ቀዩን ሲጨምር የፊተኛው ይቃጠላል፣ ጥላ ያለበት ሁሉ በቀይ ነጠብጣብ ይወረራል። የሚያጎላው ቀለም አጥቶ የሴንሰሩን ኖይዝ እያጎላ ነውና።

ሌላው የታወቀ ዘዴ አርጂቢ ሚክሰር ነው። ቀዩ ባዶ ስለሆነ ከአረንጓዴው ቻናል ቀድቶ ቀዩ ውስጥ መጨመር። ይህ የሠፈር ዘዴ ብቻ አይደለም፤ ኮድሩታ አንኩቲና ባልደረቦቿ በ2018 ባሳተሙት የምርምር ሥራ በሂሳብ አደራጅተውታል። ቀዩ ደካማ የሆነበትን ፒክስል እየለየ ከአረንጓዴው ያካክሳል። የሚያወጣው ምስል በእርግጥም ያምራል። ለጉብኝት ቪዲዮ፣ ለማስታወቂያ፣ ለማስታወሻ ከበቂ በላይ ነው።

ነገር ግን ያ ቀይ የተበደረ ቀይ ነው። ኮራሉ በእውን ምን ዓይነት ቀይ እንደነበር አይነግረንም። ይህ ደግሞ የውበት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ኮራል ውኃው ሲሞቅበት በውስጡ የሚኖሩትን አልጌዎች ያስወጣና ይነጣል፤ ስለዚህ ጤንነቱ ከቀለሙ ይነበባል። የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ከ2002 ጀምሮ በሚያካሂደው ኮራልዋች ፕሮጀክት ጠላቂዎች የቀለም ሰሌዳ ከኮራሉ ጎን ይዘው ደረጃውን ይመዘግባሉ። አንድ ጠላቂ በአንድ የአየር ሲሊንደር ስንት ኮራል ሊመዘግብ ይችላል? ካሜራ ግን ሺህ ይመዘግባል። ቀለሙ የሚታመን ቢሆን ኖሮ በየአገሩ መጋዘን ውስጥ የተከማቸው የውኃ ውስጥ ቪዲዮ ሁሉ የባሕሩ የጤና መዝገብ በሆነ ነበር።

ታሪኩ አቅጣጫ የሚለውጠው እዚህ ላይ ነው። ደርያ አካይናክ ቱርካዊት መሐንዲስና የውቅያኖስ ተመራማሪ ናት። የዶክትሬት ጥናቷን በኤምአይቲና በዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም የጋራ ፕሮግራም ስትሠራ ርዕሷ ከትልፊሽ የሚባለው የባሕር እንስሳ ነበር። ከትልፊሽ በቅጽበት ቆዳውን ለውጦ ከአሸዋውና ከድንጋዩ ጋር ይመሳሰላል፤ የሚደንቀው ደግሞ ራሱ ቀለም መለየት አለመቻሉ ነው፣ ዐይኑ ያለው የብርሃን ተቀባይ አንድ ዓይነት ብቻ ነውና። ይህ መመሳሰል ምን ያህል የተሳካ እንደሆነ ለመመዘን የእንስሳውንም የአካባቢውንም ቀለም በትክክል መለካት ያስፈልጋል። «ያምራል» የሚባል ምስል ለእንዲህ ያለው ሥራ አይጠቅምም፤ ልኩ የታወቀ ቀለም ነው የሚፈለገው። አካይናክ ወደ ምስል ማረም የመጣችው ይህን ጥያቄ ይዛ ነው።

በኋላ እስራኤል ውስጥ ወደ ሐይፋ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ታሊ ትራይቢትዝ ቤተ ሙከራ ሄደች። የውኃ ውስጥ ምስል አስተካክላለሁ የሚል ሶፍትዌር የሚጠቀምበት ቀመር ከየት እንደመጣ ስትመረምር ምንጩ ውኃ ሆኖ አልተገኘም። የጉም ቀመር ነበር።

በ1924 ጀርመናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ሃራልድ ኮሽሚደር ሰው በጭጋግ ውስጥ ምን ያህል ርቆ ማየት እንደሚችል የሚያሰላ ንድፈ ሐሳብ አወጣ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የነዳ ሰው ሐሳቡን ያውቀዋል። ከፊት የሚሄደው መኪና በራቀ ቁጥር ሁለት ነገር ይሆናል፤ ከመኪናው የሚመጣው ብርሃን ይደክማል፣ በእናንተና በመኪናው መካከል ያለው ነጭ መጋረጃ ደግሞ ይወፍራል። ረጅሙን መብራት ስታበሩ መጋረጃው ይብሳል እንጂ መኪናው አይታይም። የጉም ጠብታ ከብርሃን የሞገድ ርዝመት እጅግ ስለሚበልጥ ቀዩንም ሰማያዊውንም ያለ አድልዎ ይበትናል። ስለዚህ የብርሃኑን መድከምም የመጋረጃውን መወፈርም በአንድ ቁጥር ማስላት ይቻላል፤ ቀመሩም ለዓመታት በደንብ ሠርቷል። የኮምፒውተር ሰዎች የጭጋግ ፎቶ ማጥሪያ ሲሠሩ ይህንኑ ተጠቀሙ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ቻናል አንድ አንድ ቁጥር ሰጥተው ይዘውት ባሕር ገቡ።

አካይናክ፣ ትራይቢትዝና ባልደረቦቻቸው በ2017 ባቀረቡት ጥናት ሁለት ነገር አገናኙ። አንደኛው የውቅያኖስ ተመራማሪዎች በዓለም ዙሪያ ስለ ውኃ ብርሃን ያከማቹት ልኬት ነው። ስዊድናዊው ኒልስ የርሎቭ ከ1951 ጀምሮ የባሕርን ውኃ ከጥርት እስከ ድፍርስ በዓይነት በዓይነቱ ከፋፍሎ ነበር፤ የምስል ማረሚያ ሠሪዎች ግን ይህን ሀብት እምብዛም አልተጠቀሙበትም። ሁለተኛው የራሳቸው ሙከራ ነው፤ በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን፣ ጠባያቸው በማይመሳሰል ሁለት ውኃዎች ውስጥ ሞከሩት። የጉሙ ቀመር ትክክል ቢሆን ኖሮ በአንድ ውኃ ውስጥ የቀዩ ቻናል የመድከም ቁጥር አንድ ሆኖ መቆየት ነበረበት፤ ቀለም ያለው ነገር ቢቀርብም ቢርቅም።

አልቆየም። ርቀቱ ሲለወጥ ቁጥሩ አብሮ ተለወጠ። የነገሩ ቀለም ሲለወጥም እንዲሁ።

ምክንያቱን ለማየት ከላይ ወዳነሣናቸው የንጹሕ ውኃ አኃዞች እንመለስ። የካሜራው ቀይ ቻናል አንድ ነጥብ ቀይ አያይም፤ ከ600 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ የተዘረጋ ሰፊ መስኮት ነው። 700 ላይ ያለው ጥልቅ ቀይ አንድ ሜትር ውኃ ሲያልፍ 46 በመቶው ይጠፋል። 600 ላይ ያለው ወደ ብርቱካን ያደላ ቀይ በዚያው አንድ ሜትር የሚያጣው 20 በመቶ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ጥልቁ ቀይ በፍጥነት ያልቅና ከዚያ ወዲያ መስኮቱ ውስጥ የሚቀረው ጠንካራው ክፍል ብቻ ይሆናል። ቻናሉ ሲጀምር በፍጥነት ይደክማል፣ ኋላ ላይ እየዘገየ ይሄዳል። ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር መግለጽ እንዴት ይቻላል? ኤዲተሩ የፊተኛውን ሲያስተካክል የኋላው የሚበላሽበት ምሥጢር ይኸው ነው። የሶፍትዌር አጠቃቀም ድክመት አልነበረም።

በ2018 ሁለተኛው ግኝት ተከተለ። በካሜራውና በኮራሉ መካከል ያለው ሰማያዊ መጋረጃ ኮራሉን ጨርሶ ያልነካ ብርሃን ነው፤ ከፀሐይ መጥቶ መንገድ ላይ ውኃው ውስጥ ተበትኖ በቀጥታ ወደ ካሜራው የገባ። ይህ መጋረጃ የሚወፍርበት ፍጥነት የኮራሉ ብርሃን ከሚደክምበት ፍጥነት እንደሚለይ ተመራማሪዎቹ አሳዩ። አሮጌው ቀመር ሁለቱን አንድ ቁጥር ሰጥቷቸው ነበር። አዲሱ ለየብቻ ያሰላቸዋል።

ይህ ለኤዲተር ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብዬ ልናገር፤ ለኔ ከግኝቱ ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነው። መጋረጃው በምስሉ ላይ የተደመረ ነገር ነው፣ ስለዚህ መቀነስ አለበት። የቀዩ ብክነት ደግሞ ምስሉን ያካፈለ ነው፣ ስለዚህ መባዛት አለበት። በሪዞልቭ ቋንቋ የመጀመሪያው የኦፍሴት ሥራ ነው፣ ሁለተኛው የጌይን። ሰማያዊውን መጋረጃ ሳይቀንስ ጌይኑን የሚያዞር ሰው መጋረጃውንም አብሮ ያባዛል። ቅደም ተከተሉም አይገለበጥም፤ መጀመሪያ ከሰማያዊውና ከአረንጓዴው ቻናል ሥር መጋረጃውን ማውረድ፣ ቀጥሎ ቀዩን ከፍ ማድረግ ነው።

ታዲያ መጋረጃው ምን ያህል እንደሆነ በምን ይታወቃል? የ2019 ሥራቸው የመለሰው ይህን ነው። ስሙ ሲ ትሩ ይባላል፤ በዚያው ዓመት ሎንግ ቢች፣ ካሊፎርኒያ በተካሄደው የኮምፒውተር እይታ ጉባኤ ቀረበ። ዘዴው ከአንድ ቀላል እውነት ይነሳል። ኮራል ስንጥቅ አለው፣ ከድንጋይ ሥር ጥላ አለ፤ እነዚህ ቦታዎች ጥቁር መሆን ይገባቸዋል። ምስሉ ላይ ሰማያዊ ሆነው ከታዩ ያ ሰማያዊ ከነሱ የመጣ አይደለም፣ ሁሉም መጋረጃ ነው። ስለዚህ ሲ ትሩ ምስሉን በርቀት አሥር ቦታ ይከፍልና ከእያንዳንዱ ክፍል እጅግ የጨለሙትን አንድ በመቶ ፒክስሎች ይለቅማል። ከሁለት ሜትር ላይ ያሉት ጥቁሮች ይህን ያህል ሰማያዊ ሆነዋል፣ ከአራት ሜትር ላይ ያሉት ይህን ያህል፣ ከስድስት ይህን ያህል። ነጥቦቹን የሚያገናኘው መስመር የመጋረጃው ልክ ነው። ያ ከምስሉ ይቀነሳል። ከተረፈው ላይ ደግሞ በየቦታው የሚያርፈውን ብርሃን ገምቶ የቀለሙን ብክነት ከርቀቱ ጋር እያዛመደ ያሰላል፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል እንደ ርቀቱ የጠፋውን ይመልሳል።

ርቀቱን የሚያገኙት ከካሜራው ነው። ያንኑ ስፍራ ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግመው ያነሡታል፤ ሶፍትዌር ፎቶዎቹን አስተያይቶ የቦታውን ቅርጽ በሦስት ገጽታ ይሠራል። በሜትር እንዲነበብ መጠኑ የታወቀ ነገር በሥፍራው ይቀመጣል። በታወቁት ናሙና ምስሎች ላይ የሚታየው የቀለም ሰሌዳ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ ሲ ትሩ ቀለሙን ለመመለስ ሰሌዳው አያስፈልገውም። ከ1,100 በላይ ምስሎች ላይ ሞክረውት በጉሙ ቀመር ከሚሠሩት ዘዴዎች በልጦ ተገኘ፤ ምስሎቹንም ለሌሎች ተመራማሪዎች ክፍት አደረጉ። ውጤቱን ያየ ሰው ባሕሩ የደረቀ ይመስለዋል። ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ የደም ቀዩ ከፊት እስከ ኋላ እኩል ይታያል።

ሲ ትሩም ገደብ አለው። የተሠራው በፀሐይ ብርሃን ለተነሡ፣ ወደ ጎን ለተመለከቱና ካሜራው ሳይነካካ በጥሬው ላስቀመጣቸው ፎቶዎች ነው። ቀዩ ፈጽሞ ዜሮ ከሆነበት ጥልቀት ምንም አያመጣም፤ ካልተመዘገበ ብርሃን ቀለም የሚሠራ ሂሳብ የለም። ለቪዲዮም ፈተናው ይበረታል፣ ጠላቂው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የእያንዳንዱ ፒክስል ርቀት በየፍሬሙ ይለወጣልና። የትራይቢትዝ ቤተ ሙከራ በ2023 ሲ ትሩ ኔርፍ የሚል ሥራ ይዞ መጣ። ሥፍራውን ከነውኃው በሦስት ገጽታ ያሰላና ውኃውን ለይቶ ያወጣል፤ ካሜራው በዚያ ሥፍራ ውስጥ ውኃ እንደሌለ ሆኖ እንዲያልፍ ያደርጋል።

ተራው ኤዲተርም ባዶ እጁን አልቀረም። በ2022 የወጣው ዳቪንቺ ሪዞልቭ 18 በስቱዲዮ እትሙ ዴፕዝ ማፕ የሚባል መሣሪያ ይዟል። ቪዲዮውን ተመልክቶ የቀረበውን ነጭ፣ የራቀውን ጥቁር አድርጎ ይሥላል። ለመሬት ቪዲዮ ታስቦ የተሠራ ነው፣ ርቀቱንም በሜትር አይናገርም። ይሁን እንጂ የፊቱንና የኋላውን ለይቶ ለየብቻ ኦፍሴትና ጌይን ለመስጠት ይበቃል። ከሐይፋ የመጣው ግኝት እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው በዚህ መልክ ነው፤ ለአንድ ቪዲዮ አንድ ማስተካከያ መስጠት ቀርቶ ለእያንዳንዱ ርቀት የራሱን መስጠት።

ለኛ አገር ውኃ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «ውኃ ቀዩን ይወስዳል፣ ስለዚህ ቀይ ጨምር» የሚለው ሕግ የጠራ ባሕር ሕግ ነው። ደለልና የበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት የበዛበት ሐይቅ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ሰማያዊው ነው፤ የሚቀረው ወደ ቢጫና ቡናማ ያደላል። ላንጋኖን ያየ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም። ጣናም በክረምት ደለል ይሞላዋል። በጣና ብቻ የሚገኙትን የላቤዮባርበስ ዓሣዎች ለመቅረጽ የሚወርድ ሰው ለቀይ ባሕር የተሠራ ፊልተርና ፕሪሴት ይዞ ከወረደ ቡናማውን ምስል ይበልጥ ቡናማ ያደርገዋል። እዚያ የሚደክመው ቻናል ሰማያዊው ነው። መጋረጃውም ስለሚወፍር ከሁሉ በፊት ወደሚቀረጸው ነገር መቅረብ ያሻል።

በቀይ ባሕር፣ በጣናም ሆነ በሌላ ሐይቅ ከውኃ በታች የምትቀርጹ ወገኖች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ካሜራችሁ የሚፈቅደውን ያህል በአሥር ቢት ወይም በጥሬው ቅረጹ፤ የካሜራውን የውኃ ውስጥ የቀለም ማሳመሪያ አጥፉት። እዚያው ጥልቀት ላይ አንድ ነጭና ግራጫ ሰሌዳ ለጥቂት ሰከንድ ካሜራው ፊት ያዙ። ጥልቀቱን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ለሚቀረጸው ነገር ያላችሁን ርቀት ከፋይሉ ጋር ጻፉ። በኤዲቲንግ አሳምራችሁ ካወጣችሁት ቪዲዮ ጎን ለጎን ያልተነካውን ዋናውን ፋይል አስቀምጡ፤ አትሰርዙት። ቀለሙን የሚመልሰው ሂሳብ እየተሻሻለ ነው፣ መሥራት የሚችለው ግን በዋናው ፋይል ላይ ብቻ ነው።